የሚጢጢ የመኝታ መዝገብ

ጥቅምት 9 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

በታላቅ ሐዘንና በተሟላ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቅሽ ነገር አለ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። የልጅሽ ትራስ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከሥራው ታግዷል።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ነገሩ አጣድፎኝ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ከሾፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን እንደ አውቶቡስ ያደርገዋል፤ በየበሩ ይቆማል፣ የሚወርድም የሚሳፈርም የለም። ሚጢጢም ደህና ናት። ወደ ትራሱ ልመለስ።

እንዴት እንደምትተኛ ለጠየቅሽኝ መልሱ አጭር ነው፤ አትተኛም። ምክንያቱን ፍለጋ ዕቃዋን ስፈትሽ ትራሷን አሸተትኩት። አንቺ ሴት፣ የላቬንደር ዘይት ትራስ ላይ ታንጠባጥቢያለሽ? ማን መከረሽ? እኔ በጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ የማውቀው፣ ያልቀጠነ ዘይት ከሕፃን ቆዳ ጋር አይገናኝም። ከትራስ ጉንጭ ይደርሳል፣ ከጉንጭ ዓይን፣ ከዓይን እጅ፣ ከእጅ አፍ። ጠርሙሱንስ የት ያገኘሁት ይመስልሻል? ከካልሲዎቿ ጋር! ከአራት ዓመት ልጅ ካልሲ ጋር! ብትጠጣውስ? አሁን በቁልፍ ተይዟል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ አንገቴን ደግሞ ደፍሮ የሚነካው የለም፣ ባለቤቴን ጠይቂ።

ከዛሬ ጀምሮ የመኝታ መዝገብ ከፍቼላታለሁ። ሳል፣ ሽፍታ፣ ልቅሶና ጥያቄ እየተለየ ይመዘገባል።

ስልኩ ለጊዜው ይቅር። ባለፈው ድምፅሽን ሰምታ እስከ አምስት ሰዓት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አንቺ ከሥራ የምትወጪው ማታ፣ እሷ የምትተኛው ማታ። ደብዳቤ ግን ማንንም አይቀሰቅስም።

የባልሽ ታላቅ እህት


ጥቅምት 24 ቀን

የተከበሩ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? ሚጢጢዬስ?

ደብዳቤዎን ያነበብኩት እዚህ በሰው አገር፣ በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በሁለት የአንሶላ ክምር መሃል ቆሜ ነው። «ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ» የሚለው ላይ ስደርስ አንዱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ትራስ መሆኑን ሳይ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ደግሞ አፈርኩ። ልክ ነዎት እትዬ። ይቅርታ።

እንዴት እንደ ጀመርኩ ጠይቀውኛልና ልንገርዎት። ድሮ እዚያ ስሠራም ሥራዬ አንሶላ ነበር። በአንሶላው መሃል የደረቀ ላቬንደር በትንንሽ ከረጢት እናስቀምጥ ስለነበር ማታ ስገባ ልብሴ እሱን እሱን ይሸታል። አባቷ ያረፈ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ስትል ብብቴ ሥር ትገባና፣ አንዴ ሁለቴ ታሸትና፣ ሸለብ ታደርጋለች። የማታ ፈረቃ ሲገባብኝ በእኔ ፈንታ ዘይቱን ትራሱ ላይ አደረግሁ። ስንፍናዬ ነው።

ዘይቱን ይጣሉት። እንዲህ ቢያደርጉልኝ ግን እለምንዎታለሁ፤ የደረቀውን በከረጢት ጥብቅ አድርገው አስረው፣ ከአልጋው ርቆ፣ እጇ የማይደርስበት መስኮት ላይ ይስቀሉት፤ ስትታጠብ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ከክፍሉ ይውጣ። ካሳላት ወይ ካሳከካት ያኔውኑ ይቅር። ቀጥሎ ውሃ፣ ቀጥሎ አንድ ተረት፣ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ «ደህና እደሪ»። ሽታው እኮ መድኃኒት አይደለም። «አሁን መኝታ ነው፣ ሰው አለሽ» የሚል ደወል ነው።

ከዚህ ጋር አንድ መሐረብ ልኬያለሁ። ዘይት አልነካውም። በገዛ እጄ ተኩሼ ሳምንት ሙሉ ከከረጢቶቹ ጋር ያሳደርኩት ነው። አልጋዋ ውስጥ አይግባ፤ ስትታጠብ የበሩ እጀታ ላይ ይንጠልጠልላት፣ ከዚያ ያንሱት።

ውሌ ሰኔ 20 ያበቃል። በነጋታው ልጄን ልወስድ በርዎ ላይ ነኝ። አለቃችን፣ «ካውያ» ነው የምንላት፣ አንሶላ ላይ እንባ ከተገኘ እንደገና ታሳጥበናለች፤ ስለዚህ የማለቅሰው ፎጣ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ይጻፉልኝ። ትጠይቀኛለች?

የእርስዎው


ኅዳር 6 ቀን

ጉዳዩ፦ ያለ መለያ ስለ ተላከ መሐረብ

ለወንድሜ ሚስት፣

መሐረቡ ደርሷል። የተመረተበት ቀን የለውም። አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። የምርት መለያ ቁጥር የለውም። ጠርዙ ላይ ያለችው የተጠለፈች አበባ ቁጥር አይደለችም፤ ገልብጬ አይቻታለሁ።

በእኔ መጋዘን መለያ የሌለው ዕቃ ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ይወገዳል። ለጤና ጣቢያው የሠራ ሕግ ለቤቴ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ እኔ፣ አባል ባለቤቴ፣ አባል ሚጢጢ።

ባለቤቴ ስብሰባውን የጀመረው በስድብ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ መሐረብ እኮ ነው! ፈንጂ አስመሰልሽው!» አለ። ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮለት ፈረመ። ሚጢጢ የአውራ ጣቷን አሻራ በደስታ ሰጠች፤ ቀለም ትወዳለች። አምስት ጊዜ አሻራ አድርጋ አንዱ ግንባሬ ላይ ነው።

ከማስወገዱ በፊት ዕቃውን እንድትለይ ተጠየቀች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማዬ።»

«መሐረብ ነው።»

«አሽቺው እስቲ። እማዬ ናት።»

ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ተቃጠለ። ጭሱ ሲነሳ «እማዬ ተቃጠለች?» ብላ ጠየቀች። «አልተቃጠለችም፤ ተወግዳለች» ብዬ በሚገባት ቋንቋ አስረዳኋት። አርባ ደቂቃ አለቀሰች። ከዚያ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅጠል፣ ያለ ተረት ድርግም ብላ ተኛች። ደወል ነው ያልሽው ነገር አላስፈለገም ማለት ነው።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልስ፦ አዎን። በየማታው ሦስት ጊዜ ትጠይቅሻለች። ተመዝግቧል።

የባልሽ ታላቅ እህት


ኅዳር 20 ቀን

እትዬ፣

ደህና ነዎት? ደህና ይሁኑ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። የተቀደዱት ውስጥ ያለው ስድብ ለእናትዎም ለአባትዎም የሚተርፍ ስለነበር፣ የባሌም እናትና አባት መሆናቸው ትዝ ብሎኝ ነው።

የሆቴላችንን ነርስ ሄጄ ጠየቅኋት። ዘይቱ ቆዳ አይንካ፣ አይዋጥ፣ ከልጅ ይራቅ፣ ክፍሉ አየር ያግኝ አለችኝ። አንዱም ከእርስዎ ቃል አይለይም። አንጀቴን ያሳረረኝ ይኼ ነው፤ በሁሉም ልክ ነዎት። ልክ በሆነ ነገር ልጄን እንዴት እንዲህ ማስለቀስ እንደ ተቻለ ግን ነርሷም አታውቅም። ሕክምና ጨርቅ ማቃጠል ያዛል ወይ ብላት «የማን እብድ ነው?» አለችኝ። ዘመዴ ናት አልኳት።

በቃ፣ ላቬንደሩ ይቅር። ከረጢትም፣ መሐረብም አልልክም። ስትተኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፤ «እናትሽ በሰኔ ትመጣለች።» ይኼ አይሸትም። ሽፍታ አያወጣም። ክዳን የለው፣ ጠርሙስ የለው፣ አይጠጣ።

ሦስት ጊዜ ትጠይቅሻለች ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ካውያን ሽንት ቤት ነኝ እልና ግድግዳ ተደግፌ ሦስት ጊዜ «አለሁ» እላለሁ።


ጥር 12 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

የዘገየሁት ዓረፍተ ነገርሽ በሙከራ ላይ ስለነበረ ነው። አዲስ ነገር ሕፃን ላይ ከመዋሉ በፊት በጥቂቱ ይሞከራልና፣ መጀመሪያ የሞከርኩት በባለቤቴ ላይ ነው። በጆሮው ተናግሬ ሃያ አራት ሰዓት ጠበቅሁ። ሽፍታ አልወጣበትም። «እውነት ትመጣለች እንዴ?» ብሎ ፊቱ በራ፤ ይህ እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ተይዟል።

ቀጥሎ ለልጅቷ ሙሉውን ሰጠኋት። «እናትሽ በሰኔ ትመጣለች» ስላት ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ሰኔ የት ነው፣ በየት በኩል ነው የሚኬደው ብላ በር ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ እንኳ ከአልጋ ወርዶ አብሯት ተቀመጠ። እንግዲህ የምልሽ ይኼን ነው፤ ያልቀጠነ ነገር ለሕፃን አይሰጥም።

አቀጠንኩት። በመጀመሪያ ሰኔን አወጣሁ፤ የአራት ዓመት ልጅ በወር አትቆጥርም። «እናትሽ ትመጣለች» ሆነ። አሁንም ጫማ አለ። «ሰው ይመጣል» አልኩ። ጫማው ቀረ፤ መስኮት ማየቱ ግን አልቀረም። አሁን በየማታው «ይመጣል» ብቻ እንላታለን። «ምኑ?» ትላለች። «እንቅልፍ» እንላታለን። በጣም ተስማምቷታል።

ላቬንደሩን በሚመለከት ጭፍን አይደለሁም። መለያ ያለው፣ ቀን ያለው፣ የታሸገ የደረቀ ላቬንደር ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። ልክ አንቺ እንዳልሽው መስኮት ላይ፣ ከአልጋ ርቆ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ይወጣል። ወጥቶ የት ይቀመጣል ብትይ፣ ከእኔ ሹራቦች ጋር። ቁም ሣጥኔ ቁልፍ አለው፣ እጇ አይደርስም፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ባለፈው ሳምንት ብብቴ ሥር ገብታ «እማዬ እማዬ ትሸቻለሽ» ብላኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዴ ደንዝዞ እስኪነጋ አላንቀሳቀስኩትም።

ሳል የለም። ሽፍታ የለም።

የባልሽ ታላቅ እህት


የካቲት 1 ቀን

እትዬ፣

ስለ ክንድዎ አነበብኩ። ለመቆጣት ብዙ ሞከርኩ፤ ክንድዎ ላይ ስደርስ እየከሸፈብኝ ተውኩት። ለእኔ ልጅ እስኪነጋ ክንዱን ያልነቀነቀን ሰው ምን እላለሁ? የገዛ ሽታዬን ለብሰው ልጄን ያስተኛሉ ብዬ ለማን ልክሰስ? ለካውያ?

ካውያ አዲስ ውል አምጥታለች። ሁለት ዓመት ነው። ከፈረሙ በኋላ መውጣት የለም፤ የጉዞ ወረቀታችን እሷ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። እስከ መጋቢት አጋማሽ «አዎ» ወይ «አይ» በይ ብላኛለች። እኔ «አይ» ለማለት ነበር ያሰብኩት። ያሰብኩት ሳይሆን በየቀኑ አንሶላ ስዘረጋ የምለማመደው።

ግን ማታ ማታ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው። ከናንተ ጣራ ሌላ ይዣት የምገባበት ቤት የለኝም። ረስታኝ ከሆነ፣ በሰላም ከተኛችበት ነቅዬ የማታውቃት ሴት ሆኜ በሌሊት ላስለቅሳት ነው? አንድ ጊዜ ተወግጃለሁ። ሁለተኛ ልታስወግደኝ ስትታገል ማየት አልችልም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ። መዝገቡ አለ። የዚህን የየካቲትን ወር ሙሉ ይመልከቱና፣ እናቷን ስንት ጊዜ እንደ ጠየቀች ቁጥሩን ይላኩልኝ። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ አንድ፣ ጣራ ባይኖረኝ ዣንጥላ ይዤ በሰኔ እመጣለሁ። ካልጠየቀችኝ እፈርማለሁ፤ ቤት መከራያ ይዤ፣ ትንሽ ጎርመስ ስትል እመለሳለሁ።

ቃልዎን አምናለሁ። ክፉ ነዎት እንጂ ውሸታም አይደሉም።


መጋቢት 3 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

በጠየቅሽው መሠረት ከመዝገቡ የወጣ ማስረጃ፦

ወሩ፦ የካቲት፣ ሠላሳ ቀን። ሳል፦ ዜሮ። ሽፍታ፦ ዜሮ። ልቅሶ፦ ዜሮ። እናቷን የጠየቀችበት ብዛት፦ ዜሮ።

ከመዝገብ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። አልተደሰትኩም ብል እዋሻለሁ፤ አንቺ ራስሽ ውሸታም አይደለሽም ብለሽኛል። እኔ በሕይወቴ ሙሉ የሰው መድኃኒት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የገባው ሁሉ ሊወጣ የገባ ነው። ማታ ማታ ብብቴ ሥር ሆኖ የማይወጣ ነገር ሳገኝ ይኸው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ወስኚ። አልገፋፋሽም። ብዕር ከጠፋብሽ ግን በፖስታው ውስጥ አንድ አስቀምጫለሁ።

የባልሽ ታላቅ እህት


መጋቢት 18 ቀን

እትዬ፣

ፈርሜያለሁ። በራሴ ብዕር ነው፤ የእርስዎን ለካውያ ሰጠኋት። ወረቀቴን ተቀብላ መሳቢያውን ቆልፋ «ጎበዝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። ዛሬ ፎጣ አልተመደበልኝም።

«ይመጣል» ስትሏት እጅዎን ግንባሯ ላይ ያድርጉልኝ። ግንባሯ ትንሽ ነው፣ አንድ እጅ ይበቃዋል።

ላቬንደሩን ደግሞ እባክዎ እንዳይተውባት። ግማሽ ሰዓት፣ መስኮት ላይ፣ ከአልጋ ርቆ። በእኔ ይሁን በእርስዎ፣ ልጅቷ ትተኛ።


ሚያዝያ 5 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

እንኳን ፈረምሽ። ጤና፣ ዕድሜና ቀዝቃዛ ካውያ ይስጥሽ።

ሚጢጢ በመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ምዝገባው ላይ የአሳዳጊ ስም ሲጠይቁኝ የእኔን ሰጥቻለሁ፣ ለሁለት ዓመት ሌላ ማን አለ? ላቬንደሩ በሥርዓቱ ቀጥሏል። ከረጢቱ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፣ ስፌቱ እንዳልተተረተረ ይፈተሻል፣ ፍሬው ተፈትቶ አፏ ውስጥ እንዳይገባ። ግንባሯ ላይ እጅ ይደረጋል። እንዳልሽው አንድ እጅ ይበቃል።

ባለቤቴ ኩርፊያ ላይ ነው። የፈረምሽበትን ደብዳቤ ካነበብኩለት ወዲህ ምሳውን በረንዳ ላይ ብቻውን ይበላል። ትናንት ከመኝታ ቤቱ በር ጎን ያለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነቅሎ አምጥቶ ጭኔ ላይ ወረወረው። «ቁጠሪ!» አለኝ። «መቁጠር ትወጂ የለ? ቁጠሪ እንግዲህ!» በሥራ ዘመኔ የተሳሳተ ቁጥር አግኝቼ ሳላርም ያለፍኩበት ቀን ስለሌለ ቆጥሬያለሁ።

እርማት

በመጋቢት 3 ቀን በተላከው ማስረጃ የሕፃኗ ጥያቄ ብዛት በስህተት ተገልጿል። ስህተቱ የተፈጠረው መዝገቡ በየማታው መብራት በሚጠፋበት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚዘጋ፣ ሕፃኗ ደግሞ የምትጠይቀው መብራቱ ከጠፋና ይህችን ጸሐፊ እንቅልፍ የወሰዳት ከመሰላት በኋላ ስለሆነ ነው። ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ የተጠየቀው በሙሉ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያዳምጥ በነበረ የኮሚቴ አባል በቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ጭረት ተይዞ ተገኝቷል።

ስለዚህ «ዜሮ» የሚለው «ሰማንያ ሰባት» ተብሎ ይነበብ።

ይህ እርማት በተፈረመው ውል ላይ ለውጥ አያስከትልም።